ዋሽንግተን ወይስ ሎስ አንጀለስ? ከሸማ ተራ ሲታይ

በስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ስለ አሜሪካ ከተሞች ተከራክሮ የማያውቅ ተማሪ አለ ብዬ አላምንም። አንዱ አጎቱ የሚኖርባትን ዋሽንግተንን ያሞግሳል፤ ሌላው ፊልሙንና ባሕሩን እያሰበ ሎስ አንጀለስን ከሁሉ በላይ ያደርጋል። ክርክሩ እንደ ኳስ ቡድን ድጋፍ ስለሆነ ማንም ተረትቶ አያውቅም፤ በክርክሩ ምክንያት አንድ ነገር ያጣ ወይም ያገኘ ሰውም አልታየም። እኔም ዛሬ ስለነዚሁ ሁለት ከተሞች ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ዳሩ ግን ጥያቄው እኔን ያገኘኝ በግቢያችን ውስጥ ሳይሆን በመርካቶ፣ ከሸማ ተራ ነው። እዚያ ደግሞ ነገሩ የጨዋታ አይደለም። አንዲት የ63 ዓመት እናት ቀሪ ዕድሜያቸውን የት ቢኖሩ ይሻላቸዋል የሚል ነው።

ሸማ ተራን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ይገባል። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ። መርካቶ የሚለውም ስም ከዚያ ዘመን የቀረ የጣሊያንኛ ቃል ነው። በዚህ ሰፊ ገበያ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ተራ አለው፤ ሸማ ተራም የነጠላው፣ የጋቢው፣ የቡሉኮውና የጥበብ ቀሚሱ ቦታ ነው። ሸማኔው የሠራውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ነጋዴው ጥለቱን ገልብጦ አይቶ፣ ጨርቁን በጣቱ ዳብሶ ዋጋ ይቆርጣል። አክስቴ በዚህ ተራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ እኔንም ከደብረ ብርሃን አምጥተው ያስተማሩት በዚሁ ንግድ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ምሽት በሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እሳቱ ለብዙ ሰዓታት ነዶ ብዙ ሱቆችን አወደመ። ከነዚያም አንዱ የአክስቴ ነበር። ለጥምቀትና ለሠርግ ወራት ብለው ያከማቹት ሸማ በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። በማግሥቱ እንደ ለቅሶ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፍርስራሹ ፊት ቆመው ዋሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከአንዲት የሥራ ባልደረባቸው ጋር ግማሽ ሱቅ ተጋርተው እንደገና መሸጥ ጀመሩ።

ሁለቱ ልጆቻቸው አሜሪካ ናቸው። ወንዱ ከዋሽንግተን አጠገብ፣ በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። ሴቷ ሎስ አንጀለስ ናት፤ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሁለት ትንንሽ ልጆችም አሏት። ከቃጠሎው በኋላ ሁለቱም በየፊናቸው ደውለው «እማዬ፣ ከእንግዲህ ይበቃሻል፤ ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ» አሉ። አክስቴም አንድ እሑድ ቡና አፍልተው ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ዩኒቨርሲቲ ነህ። መጽሐፉንም አገላብጥ፣ ሰውም ጠይቅ፣ የቱ እንደሚሻለኝ ንገረኝ። ልጆቼን ብጠይቃቸው ሁለቱም የየራሳቸውን ያሞግሳሉ፤ እኔ ደግሞ የአንዳቸውን ይዤ የአንዳቸውን ስተው እንዳስቀይማቸው አልፈልግም።»

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነገር መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ሕግ 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ወላጁን በቋሚ ነዋሪነት ለማስመጣት ማመልከት ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ልጅ ግን ለወላጁ ማመልከት አይችልም። ከአክስቴ ልጆች ዜግነት ያገኘው ወንዱ ብቻ ስለሆነ ማመልከቻውን የሚያስገባው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ነዋሪነት የተሰጠው ሰው በፈለገው ከተማ መኖር ስለሚችል ምርጫው ክፍት ነው። በሌላ በኩል ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ከአሜሪካ ውጭ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ሰው ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ «ሄጄ ልየው፣ ካልተስማማኝ ተመልሼ ሱቄ ውስጥ እቀመጥና ሲያሰኘኝ ደግሞ እሄዳለሁ» ማለት እንደ ባሕር ዳር መንገድ ቀላል አይደለም።

በሸማ ተራ ሁለቱን ከተሞች ሳያዩ በመጠኑ ማወቅ ይቻላል። መጀመሪያ በሰዓቱ ይታወቃሉ። እዚያ ክረምታቸው በሆነበት ወራት ዋሽንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት፣ ሎስ አንጀለስ በ11 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ በበጋቸው ደግሞ ልዩነቱ ወደ 7 እና ወደ 10 ይወርዳል። አክስቴ ጠዋት በ2 ሰዓት ሱቃቸውን ሲከፍቱ በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ነው፤ ልጃቸው በአንድ ተሳፋሪና በሌላው መካከል መኪናውን አቁሞ ይደውላል። በዚያው ደቂቃ በሎስ አንጀለስ ገና ያለፈው ቀን ምሽት 3 ሰዓት ስለሆነ ሴቷም ልጆቿን አስተኝታ ስልኳን ታነሣለች። ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ገበያተኛ ሳይመጣ፣ ሁለቱም ከተሞች በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይገናኛሉ።

ሁለተኛ በትእዛዙ ይታወቃሉ። ከዋሽንግተን አካባቢ የሚመጣው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ የማኅበር ነው፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ሴቶች አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ነጠላ ያዛሉ። ከኅዳር ጀምሮም ወፍራም ጋቢ ይጠይቃሉ። ከሎስ አንጀለስ የሚመጣው ግን የአንድ ሰው ነው፤ ለአንዲት ሙሽራ፣ ለአንድ ልጅ ክርስትና፣ ስስ ሆኖ የሚያምር። ጋቢ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ከአንድ ሱቅ ደብተር የተገኘ ማስረጃ ስለሆነ ብቻውን ብዙ ሊያስረዳ አይችልም። ቢሆንም በኋላ ካነበብሁትና ከሰዎች ከሰማሁት ጋር ሳስተያየው እምብዛም ሳይራራቅ አገኘሁት።

እስቲ አሁን ወደ ከተሞቹ እንለፍ።

ዋሽንግተን ስሟ ከሚያስበው በላይ ትንሽ ከተማ ናት። በ2020 እ.ኤ.አ. ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 690 ሺህ ገደማ ነበር። የየትኛውም ክፍለ ሀገር አካል አይደለችም፤ በሜሪላንድና በቨርጂንያ መካከል በፖቶማክ ወንዝ ዳር ተቀምጣለች። ስለዚህ ሐበሻ «ዲሲ ነው የምኖረው» ሲል ብዙ ጊዜ በከተማዋ ውስጥ ሳይሆን በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድርያ ይኖራል ማለት ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የሕንፃዎችን ከፍታ ስለሚወስን ሰማዩ የሚጋርደው የለም። በ1976 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ከተማዋን ከአጎራባቾቿ ጋር ያገናኛል፤ ሲልቨር ስፕሪንግም የራሷ ጣቢያ አላት።

የእኛ ሰው ከዚያች ከተማ ጋር ያለው ትውውቅ የትናንት አይደለም። መላኩ በያን ሕክምና የተማረው በዋሽንግተን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜም ለኢትዮጵያ በአሜሪካ ብዙ የደከመ ሰው ነው። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በዋሽንግተን የሚገኘውን ኤምባሲ እንደያዙ የተማሪዎችን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በስደት የሄደው ወገን ግን ታክሲውን፣ የመኪና ማቆሚያውንና የምግብ ቤቱን ሥራ ይዞ ከተማዋን የኑሮ ቦታው አደረጋት። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተሰብስበው የሚኖሩባት ቦታ ዋሽንግተንና አካባቢዋ እንደሆነች ይነገራል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በቋንቋው እንዲያገለግሉ ያዝዛል፤ በሥራ ላይ ከዋሉትም ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ሕግ ሲልቨር ስፕሪንግን እንደማይጨምር መዘንጋት የለበትም። የሆነ ሆኖ በባዕድ አገር ቢሮ ውስጥ በፊደላችን የተጻፈ ወረቀት ማየት ለአንዲት የመርካቶ እናት ትንሽ ነገር አይደለም።

ሎስ አንጀለስ ከዚህ ፍጹም ልዩ ናት። በ1781 እ.ኤ.አ. በስፔን አገዛዝ ሥር 44 ያህል ሰፋሪዎች ያቋቋሟት መንደር ስትሆን ከነዚያም ሰፋሪዎች ብዙዎቹ የአፍሪካ ደም የነበራቸው ነበሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ነዋሪዋ 3.9 ሚሊዮን ደርሷል። ስፋቷም 1,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከአዲስ አበባ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ስፋት በጥንት ጊዜ የኤሌክትሪክ ባቡር ያዳርሰው ነበር፤ ዳሩ ግን የመጨረሻዎቹ መሥመሮች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ተዘጉና ከተማዋ ለመኪና ተተወች። በ1990 እ.ኤ.አ. እንደገና የባቡር መሥመር መከፈት ተጀምሯል፤ ቢሆንም ዛሬም መኪና የሌለው ሰው እዚያ እግሩ እንደታሠረ ይቆጠራል።

አየሯን በተመለከተ ግን ሎስ አንጀለስን የሚያህላት የለም። በጥር ወር በዋሽንግተን ውርጩና በረዶው አጥንት ሲሰብር በሎስ አንጀለስ ቀኑ እንደ እኛ ጥቅምት ብሩህ ነው። ዝናቧም ከአዲስ አበባ ዝናብ ሲሦውን ያህል ብቻ ነው። በአዲስ አበባ አየር ያደገ ሰው ሰውነቱ ሳይደነግጥ ሊኖርባት ይችላል። የአክስቴ ጉልበት በብርድ ጊዜ ስለሚያማቸው ይህን በደብተሬ ላይ በትልቁ ነበር የጻፍሁት።

ሎስ አንጀለስ ሌላም የምትመካበት ነገር አላት። በ2002 እ.ኤ.አ. የከተማው ምክር ቤት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን፣ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ የተደረደረበትን ስፍራ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው። በዋሽንግተን ግን ሕዝባችን የበለጠ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ስም ማግኘቱ ቀላል አልሆነም። ከዓመታት በፊት በዩ ጎዳና አካባቢ ላለው ሰፈር እንዲህ ያለ ስም ይሰጥ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ሰፈሩ የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃና የንግድ ታሪካዊ ቦታ ስለሆነ ከነሱ ወገን ተቃውሞ ገጠመው። እኔ በበኩሌ ተቃዋሚዎቹን አልፈርድባቸውም። ቤቱን የሠራ ሰው በኋላ የመጣ እንግዳ በሩ ላይ ስሙን ሲጽፍ ቢያይ ዝም ሊል አይችልም።

እንግዲህ ከስሙና ከኑሮው የቱ ይበልጣል? ፌርፋክስ ስም አለው፤ ነገር ግን የሎስ አንጀለስ ሐበሻ በሰፊው ከተማ ተበትኖ የሚኖር ስለሆነ ወደዚያ የሚመጣው በመኪናው ነው። በልቶ፣ እንጀራና በርበሬ ገዝቶ ይመለሳል። በሲልቨር ስፕሪንግ ግን እንጀራው ከቤት ወጣ ብሎ በእግር ከሚደረስበት ሱቅ ይገኛል። በዚህ ጊዜ አንዱ ተነሥቶ «እንጀራማ በሁለቱም አገር አለ» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ እንዲያውም ጤፍ በአሜሪካ በአይዳሆ ክፍለ ሀገር ይዘራል። እኔ የምጠይቀው ግን እንጀራው መኖሩን አይደለም። መኪና የማይነዱ፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ አንዲት እናት ማንንም ሳያስቸግሩ ወጥተው ገዝተው መመለስ ይችላሉ ወይ ነው። አክስቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰው እጅ አይተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ሠላሳ ዓመት በሙሉ በእግራቸው ወጥተው በእግራቸው የገቡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከሥራ እስክትመለስ ድረስ በመስኮት እያዩ የሚጠብቁ ከሆነ ያማረው አየር ምን ያደርግላቸዋል?

ሁለቱንም ከተሞች ኖሮባቸው የሚያውቅ ዕውቅ ሰው ቢጠቀስ ኃይሌ ገሪማ ነው። የጎንደሩ ተወላጅ የፊልም ትምህርቱን የተማረው በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ «ቡሽ ማማ» የተባለው ፊልሙም በዚያው ከተማ በችግር የምትኖር የአንዲት ጥቁር ሴት ታሪክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ያስተማረው በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊትም «ሳንኮፋ» የተባለውን የመጻሕፍት ቤት ከፈተ። ሆሊውድ በሎስ አንጀለስ እያለ አንድ የፊልም ሰው ወደ ዋሽንግተን መሄዱ ለእኔ የሚነግረኝ ነገር አለ። ለሙያ ተብሎ የሚመረጥ ከተማና ለኑሮ የሚመረጥ ከተማ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ስለ አደጋም ማሰብ ግድ ነው። አክስቴ ከእሳት ሸሽተው ነውና የሚሄዱት። የ2017 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ እኛ ዶሮውን በልተን በተቀመጥንበት ምሽት በሎስ አንጀለስ ገና ረፋድ ላይ ነበር። በዚያች ዕለት በፓሊሴድስና በኢተን የተነሣው ሰደድ እሳት ከ16 ሺህ በላይ ሕንፃዎችን አወደመ። ሴቷ ልጃቸው ከእሳቱ ሩቅ ብትሆንም ጢሱ እስከ ደጇ ደርሶ ልጆቿን ይዛ በር ዘግታ ሰነበተች። አክስቴ ያን ሌሊት ስልኩን በእጃቸው ይዘው አደሩ። ገና በጥቅምት የራሳቸውን ሸማ የበላባቸው እሳት በታኅሣሥ ልጃቸውን ባሕር ተሻግሮ የተከተላት መሰላቸው። የምድር መንቀጥቀጡም አለ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. በኖርዝሪጅ የደረሰው ብዙ ጉዳት አድርሷል። እኛም በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል በተደጋጋሚ በተነሣው መንቀጥቀጥ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ አልጋችን ሲወዛወዝ ስላየን ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። በዋሽንግተን ደግሞ በረዶው አለ፤ በየካቲት 2010 እ.ኤ.አ. እንደሆነው አንዳንድ ጊዜ ከተማዋን ለቀናት ይዘጋታል። በረዶ ግን ይቀልጣል፤ ቤትም አያቃጥልም።

ይህን ሁሉ ሰብስቤ በአንድ ወረቀት ላይ በሁለት ዓምድ ጻፍሁትና ወደ ሸማ ተራ ሄድሁ። በዓምዱ መጨረሻ ዋሽንግተን በመጓጓዣ፣ በሰው ብዛት፣ በቋንቋና ከአደጋ በመራቅ በልጣ ነበር። ሎስ አንጀለስ በአየሩ አሸነፈች። አነበብሁላቸው። አክስቴ ሸማ እያጠፉ በጽሞና አዳመጡኝና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ዕድሩስ? ዕድሩን አልጻፍኸውም?»

በርግጥም በወረቀቴ ላይ ዕድር የሚል ቃል አልነበረም። አክስቴ በአዲስ ከተማ የሰፈራቸውን ዕድር ከሠላሳ ዓመት በላይ ከፍለዋል። የስንቱን ድንኳን ተክለዋል፣ የስንቱን ንፍሮ ቀቅለዋል። ይህ ሁሉ ለሌላው የተከፈለ ብድር ነው፤ ብድሩ የሚመለሰው ደግሞ እሳቸው ሲያርፉ ነው። ሰው በ63 ዓመቱ አገር ሲለቅ ከሱቁና ከቤቱ ይልቅ የሚተወው ትልቁ ሀብት ይኸው ነው። በሁለቱም የአሜሪካ ከተሞች የእኛ ሰዎች በቤተ ክርስቲያናቸው፣ በመስጊዳቸውና በማኅበራቸው ይረዳዳሉ፤ ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በዋሽንግተንም እንደ ፈርስት ሂጅራ ያለ በኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የተቋቋመ ተቋም አለ። ሰው በበዛበት ቦታ ለቅሶ ደራሹም እንደሚበዛ ግልጽ ነው። በዚህም መለኪያ ዋሽንግተን እንደገና ትበልጣለች አልኋቸው።

እሳቸው ግን በዚህ አልረኩም። «እንግዲያው ልጄ፣ ዋሽንግተን ያለው ልጄ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይሠራል፤ ሚስትም የለው። እኔ ከእሱ ዘንድ የምሄደው ልጦር ነው። ሎስ አንጀለስ ያለችው ግን ሁለት ሕፃን ይዛ፣ የሰው እናት ስታጥብና ስታበላ ውላ ማታ ትገባለች። ከእሷ ዘንድ የምሄደው ልጦራት ነው። በየትኛው ነው እኔ ሰው የምሆነው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከሰማሁ በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። የከተሞችን ማወዳደሪያ የሚጽፉ ሁሉ የቤት ኪራዩን፣ ባቡሩንና አየሩን ይቆጥራሉ። ይህም ተገቢ ነው፤ እኔም ቆጥሬዋለሁ። ዳሩ ግን የሚቆጥሩት ለአንድ ብቻውን ለሚሄድ፣ ለራሱ ብቻ ለሚኖር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በመካከላችን ጥቂት ነው። ለእኛ ሰው የመኖሪያ ቦታ ማለት የሚጠቅምበትና የሚጠየቅበት ቦታ ማለት ነው። አንደኛው ብቻውን አይበቃም። የሚጠቅምበት ሆኖ የማይጠየቅበት ከሆነ አገልጋይ ይሆናል፤ የሚጠየቅበት ሆኖ የማይጠቅምበት ከሆነ ደግሞ ጡረተኛ ይሆናል። ዋሽንግተን አክስቴን የሚጠይቃቸው ሰው ታበዛለች፤ ሎስ አንጀለስ ግን የሚጠቅሙበትን ሥራ ትሰጣቸዋለች። ሸማ ተራ ሁለቱንም ሰጥታቸው ነበር። ቃጠሎው የወሰደባቸው ነገር ከሸማው ይልቅ ይህን በአንድ ቦታ የማግኘቱን ዕድል ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን መከርሁ? አሁንም ቢሆን ከሁለቱ ከተሞች ለአንዲት አዛውንት የምትሻለው ዋሽንግተን ናት ባይ ነኝ። ሁለቱ ከተሞች በ3,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ካለው ይበልጣል። ስለዚህ ሴቷ ልጅ ልጆቿን ይዛ ወደ ወንድሟ አካባቢ ብትዛወር፣ እናት በአንድ ሰፈር ሁለቱንም ልጆችና ሁለቱንም የልጅ ልጆች ታገኛለች የሚል ሐሳብ አቀረብሁ። የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ በሜሪላንድም ይገኛል፤ የዕቃው ጉዞ ወጪ ግን ቀላል አይደለም፤ ልጆቹም ከለመዱት ብርሃን ተነሥተው ወደ በረዶ ይገባሉ። ልጅቱ «አስብበታለሁ» ብላለች። ወንድሟ ኪራዩን በጋራ ለመክፈል ቃል ገብቷል። አክስቴ ግን «እሷ ካልመጣች እኔ ወደ እሷ ነው የምሄደው፤ የጉልበቴንም ብርድ እሷ ጋ አላገኘውም» ብለው ቁርጣቸውን ነግረዋቸዋል። የቪዛው ነገር በየጊዜው የሚለዋወጥ በመሆኑ ቀኑ ገና አልታወቀም። እስከዚያው ድረስ ግማሽ ሱቃቸው ክፍት ነው።

የተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከእኛ መካከል ነገ ወደ ውጭ የሚሄድ እንዳለ የታወቀ ነው። የሚሄደውን አልወቅስም፤ የሚቀረውንም ከዚህ የተነሣ ጀግና አላደርገውም። ነገር ግን ዛሬ «ኤል ኤ ይሻላል፣ ዲሲ ይሻላል» እያልን የምንከራከርበትን ከተማ የምንመርጠው ለራሳችን ብቻ እንዳይመስለን። ከሃያ ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ እናቶቻችን መስኮት ላይ ሊቀመጡበት ይችላሉ። እንግዲያው ስለ አንድ ከተማ ስንጠይቅ ደመወዙ ስንት ነው ከሚለው ጋር መኪና የሌላት እናት እዚያ በእግሯ የት ትደርሳለች፣ ማንንስ ትጠቅማለች፣ ስትታመምስ ማን ይጠይቃታል ብለን እንጠይቅ። ይህንኑ ጥያቄ ለአዲስ አበባችንም እናቅርብላት። መንገዱ ሲሰፋ፣ ሰፈሩ ሲነሣና ሕንፃው ሲቆም፣ ዕድርተኛው በየአቅጣጫው ሲበተን፣ እኛም ሳንሄድ ከተማችንን ሎስ አንጀለስ እያደረግናት እንዳይሆን ልናስብበት የሚገባን ዛሬ ነው።